አንበሳ ስንቆጥር ሐዋሳ ደረስን

ሐዋሳ ደርሶ የመጣን ሰው ስለ ጉዞው ብትጠይቁት ስለ ሐይቁ፣ ስለ አሳውና ስላደረበት ሆቴል ያወራችኋል። ስለ መንገዱ የሚያወራችሁ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ብቻ ነው። የእኛ ተንፍሷል።

ተጓዦቹ እኔና የአክስቴ ልጅ ነበርን። እርሱ ሐዋሳ የሚኖሩትን እናቱን ሊጠይቅ፣ እኔ ደግሞ ከኮተቤ ብርድ ለጥቂት ቀን ልሸሽ። መኪናዋ የእርሱ ቪትዝ ናት፤ ዕድሜዋን መጠየቅ ነውር ነው። ጠዋት ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ተቀጣጥረን አርባ ደቂቃ አስጠበቀኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ የማየው ነገር ቢኖር ያ የድንጋይ አንበሳ ነው። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው ነው። ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ጎፈሩ እንደ ደረጃ የተጠረበ፣ አቋሙ እንደ ዘበኛ የተገተረ ነው። አንበሳ አይመስልም፤ ግን አንበሳ አይደለም የሚልም የለም።

የአክስቴ ልጅ ሲደርስ ኩርፊያዬን ትቼ አንድ ጨዋታ አመጣሁ። እስክንመለስ ስንት አንበሳ እናያለን? ሕጉ ይህ ነው፦ በሰው እጅ የተሣለ፣ የተቀረፀ ወይም የተሠራ አንበሳ ይቆጠራል። የፋብሪካ አንበሳ፣ ማለትም አውቶቡሱ፣ ጫማውና ባንኩ፣ አይቆጠርም። እነርሱን ከቆጠርንማ ቃሊቲ ሳንደርስ መቶ እንሞላ ነበር። እርሱ ሃያ እንሞላለን አለ፣ እኔ አንሞላም አልሁ። የተሸነፈ አሳ ይጋብዛል።

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ እስከ ባቱ

እስከ ሞጆ በክፍያው መንገድ ሄድን፤ ስለዚያ የሚጻፍ የለም። ሞጆ ላይ ክርክር ተነሣ። እርሱ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ እንቀጥል ይላል፣ እኔ በአሮጌው። በአጥር መካከል በሚሄድ መንገድ ላይ ሻጭም የለ፣ የግድግዳ ሥዕልም የለ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ የሚያስብ አህያም የለ። በመጨረሻ የረታሁት በክርክር ሳይሆን በሒሳብ ነው፤ አሮጌው መንገድ አያስከፍልም።

ቆቃ ላይ ውኃው በስተግራ ተዘርግቶ ይታያል። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀ ሲሆን ወጪው የተሸፈነው ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው «እና አሳው የካሣ አሳ ነው ማለት ነው?» አለኝ። የካሣውን አሳ በገመድ ሰክተው ከፍ አድርገው የያዙ ልጆች መንገዱ ዳር ተደርድረዋል፤ መኪና ሲቀርብ አሳውን እንደ ደወል ያወዛውዙታል። ሙቀቱን አይተን አልገዛንም።

ከዓለም ጤና በኋላ አገሩ ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ይሆናል። በእንጨት ሣጥን፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በጋሪ። መቂ ላይ ሦስት ፓፓያ በ100 ብር ገዛን፤ ኮተቤ ለአንዱ ብቻ ከዚያ የማይተናነስ ይጠይቁኛል። የመጀመሪያውን አንበሳ ያገኘነውም እዚያው ነው። የፀጉር አስተካካይ ቤት በር ላይ የተሣለ፣ ጎፈሩን በጎንና በጎን ተቆርጦ አናቱ ላይ ብቻ ቁልል ያስቀረ ጎረምሳ አንበሳ። ሠዓሊው አንገቱ ላይ የፀጉር ቤት ፎጣ አስሮለታል። ሁለተኛው ባቱ ከመግባታችን በፊት የቀደመን የጭነት መኪና ኋላ ላይ ነበር፤ ከበላዩ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ተብሎ ተጽፎበታል። አንበሳ ምቀኛ ምን ያደርግለታል?

ባቱ አደርን፤ ክፍሉ 900 ብር፣ ሙቅ ውኃው በቃል ብቻ። ማታ ሐይቁ ዳር ወርደን አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች አየን። ጋቢ ለብሰው ለቅሶ የመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ፤ የአሳ አንጀት ሲወረወር ግን ሽምግልናው ይቀራል። የተጠበሰ ቆሮሶ ከዳጣ ጋር 280 ብር። ጀልባ ጠባቂው ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ልውሰዳችሁ ቢለንም ቀኑ አይበቃንም። ዮዲት በተነሣች ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የተቀመጠችው እዚያ ነው ይባላል። ለሌላ ጊዜ አስቀመጥነው፤ እንደዚህ ብለን ያስቀመጥነው ነገር ብዙ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 16፤ ጎማው

ከቡልቡላ አለፍ እንዳልን የኋላው ጎማ ተነፈሰ። የአክስቴ ልጅ እያፏጨ ወርዶ ክሪክ አወጣ፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ ስኮርታውን አወጣ፤ ፉጨቱ ቆመ። ስኮርታውም የተነፈሰ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ፊቱ ነግሮኛል። በሚያልፍ ባጃጅ ሁለቱንም ጎማ ጭኖ ወደ ቡልቡላ ወደ ጎሚስታ ተመለሰ፤ እኔ መኪና ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።

ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ ከግራር ሥር፣ ሰማያዊ ነገር አየሁ። ከባቱ እስከ ሻሸመኔ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታዩት የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮች ናቸው። በመኪና ስታልፉ የተቀባ የውኃ ታንከር ይመስሏችኋል። እኔም ስንት ጊዜ በአውቶቡስ ሳልፍ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። በእግር ሲጠጉት ወገብ የሚደርስ የሲሚንቶ ሣጥን ነው፤ አራቱም ጎን በቀለም ተሞልቷል።

አንዱን በደንብ አየሁት። መደቡ እንደ ሰማይ ሰማያዊ። በረጅሙ ጎን ፈረሰኛ ጦርና ጋሻ ይዞ ይጋልባል፤ ፈረሱ አራቱንም እግሩን ከመሬት አንሥቷል። ፊት ለፊቱ አንበሳ። አንበሳው በጎን ቆሞ ሳለ ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ተመልካቹ ያያሉ፤ ጎፈሩ እንደ ሱፍ አበባ ቅጠል እየተነጠለ ዙሪያውን ተበትኗል፤ ቀይ ምላሱ እንደ ክራቫት ተንጠልጥሏል። ቅንድብ አለው። በአጭሩ ጎን ላም ከጥጃዋ ጋር፣ ከበላይዋ ደግሞ የእጅ ሰዓት፤ ከላሟ የሚበልጥ የእጅ ሰዓት። ቀለሙ ሲሚንቶው በተሰነጠቀበት በኩል ተልጦ የፈረሱን አንድ እግር ወስዶታል።

ስጠጋ ያዩኝ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፣ አማርኛቸው ግን ከእኔ ኦሮምኛ በብዙ ይሻላል። ፎቶ ላንሣ ወይ ብዬ ስጠይቅ አንሺ አሉኝ፤ ሟቹ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው።

«አንበሳ ገድለው ነበር?» አልኋቸው።

«ኧረ ከብት ነበር የሚያረባው። አንበሳው ክብሩ ነው።»

«ሰዓቱስ?»

«ሰዓቱ የራሱ ነው። ይወደው ነበር።»

እኛ ሰፈር ለሟች እብነ በረድ ይቆማል፣ ፎቶው በመስተዋት ይለጠፍበታል፤ ሁሉም መቃብር የመታወቂያ ካርድ ይመስላል። እዚህ ሰውየው ከነላሙና ከነሰዓቱ ነው ያለው። ሠዓሊውን ጠየቅኋቸው፤ አርሲ ነገሌ ያለ፣ የሱቅና የምግብ ቤት ሥዕልም የሚሠራ ሰው መሆኑን ነገሩኝ። በዚያ ግራር ሥር ካሉት መቃብሮች አራቱ አንበሳ አላቸው። ቁጥራችን በአንድ ጊዜ ከሁለት ወደ ስድስት ወጣ።

የአክስቴ ልጅ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁለት ጎማና 300 ብር የጎደለው ኪስ ይዞ ተመለሰ። አቢጃታና ሻላ ፓርክ ገብተን በር አካባቢ ያሉትን ሰጎኖች አየን፤ ሁለቱን ሐይቆች ከሚያሳየው ከፍታ ላይም ቆምን። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ከላይ ሲያዩት ግን የተኛ ውኃ ነው። አቢጃታ ከዳርቻው እየሸሸ ነጭ አፈር አስቀርቷል። ሕያው አንበሳ የለም ወይ ብሎ የአክስቴ ልጅ አስጎብኚውን ጠየቀ፤ ሰውየው በትዕግሥት የለም አለው።

አርሲ ነገሌ ለምሳ ስንቆም ግን እጅን በአፍ የሚያስጭን ነገር ገጠመን። የምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንበሳ አለ፤ ሁለት ዓይኑ ወደ እኛ፣ ጎፈሩ የሱፍ አበባ፣ ቅንድቡም አለ። ምላሱ ብቻ ተቀይሯል፤ በምላሱ ፈንታ የጥብስ ሳህን ይዟል። ያው እጅ ነው። አስተናጋጇን ሠዓሊው ማን ነው ብላት «እንጃ፣ ከእኔ በፊት ነው የተሣለው» አለችኝ። ሰባት።

ሻሸመኔ ሳይገቡ ጃማይካ ሰፈር ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ዓ.ም. ገደማ በውጭ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች በሰጡት አምስት ጋሻ መሬት ላይ የተቆረቆረ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ የሚመጡት ራስ ተፈሪያውያን በረከቱ። እዚህ አንበሳ መቁጠር ዝናብ መቁጠር ነው፤ በር ላይ፣ አጥር ላይ፣ የጭማቂ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ሁሉም ዘውድ የደፋና ባንዲራ የያዘ። የአክስቴ ልጅ እየሳቀ ሲቆጥር «ከመኪና ወርደን ያየነው ብቻ ይያዝ» ብዬ አዲስ ሕግ አወጣሁ። ማጭበርበር መሆኑን አምናለሁ። በዚያ ሕግ ስምንት ያዝን።

ከሁሉ የቆየንበት ከደረቀ የሙዝ ቅጠል ሥዕል የሚሠራበት ቤት ነው። ቀለም የሚባል ነገር የለም። ቅጠሉ ራሱ ሲደርቅ ከገለባ ቢጫ እስከ ቡና ጥቁር ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤ ያንን መርጦ፣ ቆርጦ፣ አንዱን በአንዱ ላይ መለጠፍ ነው። አንዲት ትንሽ አንበሳ በእጄ ይዤ ወደ ብርሃን አዞርኋት። ጎፈሯ የቅጠሉ ጠርዝ ነው፤ ሲደርቅ እንደተተለተለ ተትቷል። የጎኗ ጡንቻ የቅጠሉ ጅማት ነው፤ በእርሳስ የተሠመረ የሚመስለው መሥመር ሁሉ ዛፉ ላይ ሳለ የነበረ ነው። 1,200 ብር አሉኝ፣ በ800 ተስማማን። በጋዜጣ ጠቅልለው በወረቀት ከረጢት ሰጡኝ። አሥራ ስድስት።

ጥቁር ውኃን ተሻግረን ሐዋሳ ስንገባ መሽቷል። አክስቴ በር ላይ ቆመው ነበር። «ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅሁ፣ ከአዲስ አበባ ነው ወይስ ከጎንደር የመጣችሁት?» አሉ። ልጃቸው ስለ ስኮርታው ምንም እንዳልናገር በዓይኑ ለመነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17፤ አሞራ ገደልና አዝማሪ ቤት

አሞራ ገደል መሄድ ያለበት በጠዋት ነው። ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ይዘው ይመለሳሉ፤ ልጆች መረቡን እየፈቱ አሳውን ይለቅማሉ። ከልጆቹ አንዱ ቆሮሶ ሲሞልጭ ቆሜ አየሁት፤ ከጭንቅላቱ ሥር አንድ ጊዜ፣ በአከርካሪው አንድ ጊዜ፣ ገልብጦ ያንኑ። ቆዳውን በጥርሱ ነክሶ ይይዝና ሥጋውን በቢላዋ ገፎ ያወጣዋል። ከኋላው የተሰለፉት አባ ኮዳዎች የእያንዳንዱን ምት ውጤት ያውቃሉ። ጥሬውን በዳጣ ለሚበሉም ያቀርባሉ፤ የአክስቴ ልጅ በላ፣ እኔ የአሳ ሾርባ ጠጣሁ፤ 80 ብር።

አደጋው የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ጠዋት ከቤት ስንወጣ አክስቴ ዳቦ በከረጢት አስይዘውኝ ነበር። ሥዕሉን ለአንዲት እዚያ ለምትሠራ ጓደኛዬ ላሳያት ብዬ ከዳቦው ጋር ከትቼዋለሁ። ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ሾርባዬን ስጠጣ ጦጣ መጣችና ከረጢቱን ይዛ ወደ ላይ። ዳቦውን በልታ ዝም ብትል ምንም አልነበረም፤ ጋዜጣውን ፈትታ አሸተተች። ሙዝ ሸቷት ይሆን? ነከሰች፤ ፊቷን አጨማድዳ ወረወረችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አሳ ሞላጩ ልጅ ቢላዋውን አስቀምጦ ነው የሳቀው። አንበሳዬን ከመሬት ሳነሣት ጭራ አልነበራትም።

አክስቴ ሲሰሙ «እኔ ዳቦ ነው የሰጠሁሽ፣ አንበሳ ምን ያደርግልሻል ውጭ ይዘሽው የምትዞሪው» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ቀኑን በግቢያቸው፣ በአቮካዶው ጥላ ሥር፣ ቡና ሦስቴ እየተፈላልን አሳለፍን። እኛ ሰፈር በጥር ፀሐይ ፍለጋ ወንበር ይጎተታል፤ እዚህ ወንበሩ የሚጎተተው ጥላ ፍለጋ ነው።

ማታ የአክስቴ ልጅ የሚያውቀው አዝማሪ ቤት ወሰደኝ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ አዝማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር። ቤቱ ጠባብ፣ መቀመጫው ዱካ፣ ግድግዳው በሰሌን የተሸፈነ ነው። ጠርሙስ ቢራ 90 ብር። አዝማሪው ማሲንቆውን አንገቱ ሥር ሸጎጥ አድርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ የመጣህበትን አገርና የምትሠራውን በጨዋታ አስመስሎ ይጠይቅህና ከሦስት ደቂቃ በኋላ በአንተው ነገር ይወጋሃል። አጠገባችን የተቀመጡት ሙሽሮች ነበሩ፤ ሙሽራውን ስለ አማቱ ብሎ ብሎ ጨረሰው። ወደ እኛ ሲመጣ የአክስቴ ልጅ ስለ አንበሳ ቆጠራችን ነገረው። አዝማሪው ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ ማሲንቆውን ሁለት ጊዜ ገዝግዞ፣ ለእኔ በአንቱታ አወረደው፦

አንበሳ ፍለጋ ሐዋሳ ከመጡ፣
ጎፈሩ ይቆይና ከኪስዎ ያውጡ።

አወጣሁ። 100 ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍሁለት። በኮተቤ ሠርግ ቤት የሚዘፍኑት አሁን ስልክ ላይ የተጻፈ ግጥም እያዩ ነው፤ ይህ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረቀት አላየም።

እሑድ፣ ጥር 18፤ ታቦርና ፍቅር ሐይቅ

በጠዋት ታቦር ተራራ ወጣን። ተራራ ይባል እንጂ ቁርስ ሳይበሉ የሚወጣ ጉብታ ነው፤ ከላይ ከተማውም ሐይቁም አንድ ላይ ይታያል። ሐይቁ የሚፈስበት መውጫ ወንዝ የለውም፤ እንዲያም ሆኖ ውኃው ጨው አይደለም፤ ጨዋማውን አቢጃታን ባየሁ በሁለተኛው ቀን ይህ ገረመኝ።

የአክስቴ ጎረቤት የሲዳማ ተወላጅ ናቸው፤ ለምሳ ቡርሳሜ ጋበዙን። የቆጮ ዱቄት በቅቤ ተለውሶ በሻፌታ፣ ማለትም በሸክላ ገበታ፣ ይቀርባል፤ ወተት ይከተለዋል። ቅቤው እስከ ክርን ይወርዳል ብዬ ባጋንን ጎረቤቲቱ አይቀየሙኝም። እርሳቸው ስለ ሲዳማ ዘመን መለወጫ ስለ ፍቼ ጫምባላላ ሲያወሩ ግን ሳህኔን ረሳሁ፤ ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያዩት አያንቱዎች እንደሆኑ፣ ሰው በጉዱማሌ ተሰብስቦ ቄጣላ ሲል ምድሪቱ እንዴት እንደምትነቃነቅ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡን የማውቀው ከዜና ነበር። እርሳቸው የሚያውቁት በእግር ነው፤ ተነሥተው ጨፈራውን አሳዩን፤ ሰባ ዓመታቸው ነው።

ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተንሸራሸርን። አንድ ወጣት በእርሳስ የሰው መልክ ይሥላል፤ 300 ብር። ተቀመጥሁለት። ጨርሶ ሲያሳየኝ አክስቴን ነው የሣለው፤ አፍንጫው የእርሳቸው፣ ቁጣውም የእርሳቸው። እዚያው አካባቢ ባጃጅ ኋላ ላይ የተሣለ መነጽር ያደረገ አንበሳ አገኘን፤ ከዕቃ ሻጮቹም ዘንድ ከወይራ የተቀረፁ ሁለት አንበሶች። አሥራ ዘጠኝ። የአክስቴ ልጅ ከዚያ በኋላ ሐይቁን አላየም፤ ግድግዳ ግድግዳ ብቻ ነበር የሚያየው።

ሰኞ፣ ጥር 19፤ መመለሻ

የገብርኤል ዕለት ስለነበረ አክስቴ ሳንሳለም እንደማያሰናብቱን ነገሩን። ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጧፍና ሥዕል የሚሸጡ ተደርድረዋል። ተሳልመን ስንወጣ የአክስቴ ልጅ እጄን ይዞ ጎተተኝ። ከሻጩ ሥዕሎች መካከል አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቆመዋል፤ በዙሪያቸው አንበሶችና ነብሮች።

«ስልሳ አንበሳ» አለኝ፤ «ከስልሳ ነብር ጋር። አለቀ።»

«ይህ ማተሚያ ቤት የታተመ ነው። የፋብሪካ ነው።»

«መጀመሪያ የሣለው ሰው አይደለም ወይ?»

ሻጩ ዳኝነት ብንጠይቀው ሥዕሉን 150 ብር እንደሚሸጥ ብቻ ተናገረ። አክስቴ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በዚህ ስለተከራከርን ሁለታችንንም ገሠጹን፤ ሥዕሉን ግን ገዙት።

ስንመለስ ባቱ ላይ ወደ ክፍያው መንገድ ገባን፤ ስኮርታውን ያላመነው እርሱ ራሱ ነው። በአጥሩ መካከል አንድም አንበሳ ሳናይ ሞጆ ደረስን። አሁን የሙዝ ቅጠሏ አንበሳ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ ጭራዋ በነበረበት ቦታ የጦጣዋ ጥርስ ምልክት አለ። እርሷ ግማሽ ናት ስለዚህ አሥራ ስምንት ተኩል ነው እላለሁ፤ እርሱ የብሔራዊ ቴአትሩ ተጨምሮ ሃያ ይላል፤ ጨዋታው የተጀመረው እዚያ ስለሆነ። የአሳው ግብዣ እስከ ዛሬ አልተበላም።